ኤላት ላይ በስኖርክል ኮራል ማየት፦ እግር መሬት ሳይነካ

በስኖርክል፣ ማለትም ፊትን ነክሮ በመተንፈሻ ቱቦ እየተነፈሱ ሲዋኙ፣ ኮራል ላይ የሚደርስ ጉዳት ብዙውን ጊዜ አጀማመሩ አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው ጉንጭ ሙሉ የጨው ውሃ ይገባበታል፣ ወይም ማስኩ ያፈስበታል፤ ይደነግጥና እግሩን ቁልቁል ዘርግቶ መሬት ይፈልጋል። እዚያ የሚያገኘው ግን መሬት ሳይሆን እንደ ምላጭ የሚቆርጥ፣ ስንጥቁ ውስጥ መርዛም እሾህ የሸሸገ፣ ራሱም ነፍስ ያለው ነገር ነው። አንድ እርግጫ የብዙ ዓመት እድገት ይሰብራል፤ የረጋጩም እግር ለሳምንታት ይመረቅዛል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ፣ ከማስክ ምርጫ እስከ መግቢያ ሰዓት፣ ባሕር ላይ ሳሉ መቆም የሚያስመኙዎትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ለመቀነስ ነው።

ቦታው በእስራኤል ደቡብ ጫፍ፣ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ባሕረ ሰላጤ ላይ ባለችው ኤላት ያለው የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ስፍራ ይሁን፤ በዕብራይስጡ ሽሙራት ሆፍ አልሞግ። ከከተማው በግብፅ ድንበር ወዳለችው ታባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሚያስተዳድረው የእስራኤል የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ነው። ለጀማሪ የሚመች ነው፤ ኮራሉ ከዳር ጥቂት ሜትር ርቆ ስለሚጀምር ጀልባ አያስፈልግም። ውሃውም ራሱ ያግዛል። ውቅያኖስ በአማካይ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው እዚህ 40 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሰውነት ከሌላው ባሕር ይልቅ ይንሳፈፋል። ሆኖም ሳይቆሙ 200 ሜትር መዋኘት የማይችል ሰው ወደ ኮራሉ አይሂድ። መጀመሪያ አሸዋማ በሆነና ማጺል (ነፍስ አድን ዋናተኛ) ባለበት ዳርቻ ይለማመድ። የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ። ዋና ለማይችል እናት ወይም አባት፣ እዚያው አጠገብ ያለው የውሃ ውስጥ መመልከቻ ማማ አለ፤ ደረጃ ወርደው፣ ልብሳቸው ሳይረጥብ፣ ዓሣውን በመስኮት ያያሉ።

ማስክ

የቀኑ ደስታም ብስጭትም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቢከራዩም ቢገዙም መፈተኛው አንድ ነው። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጠው ማስኩን ፊትዎ ላይ ብቻ ያስቀምጡት። ጸጉር ከሥሩ እንዳይገባ በጣት ይጥረጉ። በአፍንጫዎ ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ስበው እጅዎን ይልቀቁ። ጎንበስ ሲሉ እንኳ ተጣብቆ ከቀረ ልክዎ ነው። ወዲያው ከወደቀ፣ ወይም በጉንጭ በኩል አየር ሲገባ ከተሰማዎ፣ ሌላ ይሞክሩ። ማሰሪያ በማጥበቅ የሚስተካከል ነገር የለም። ከልክ በላይ የጠበቀ ማሰሪያ ለስላሳውን የሲሊኮን ጠርዝ አጣሞ ራሱ የውሃ መግቢያ ይከፍታል።

ሹሩባ የተሠራች ሴት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። የማስኩ ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ከጸጉሩ መስመር በታች፣ ግንባር ቆዳ ላይ ማረፍ አለበት። አንዲት ቀጭን ጉንጉን ከሥሩ ከገባች ውሃው እሷን እንደ ቦይ ተከትሎ ይገባል። ማሰሪያው ከጆሮ ከፍ ብሎ የጭንቅላት ጀርባ ሰፊ የሆነበት ቦታ ላይ ይዋል። ራቁቱን የሆነ ጎማ ጸጉር ስለሚነቅል በጨርቅ የተሸፈነ ማሰሪያ ይመረጣል። ሪዝ ያለው ወንድ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ጥቂት ቢያሳጥረው ወይም ቫዝሊን ስስ አድርጎ ቢቀባው መፍሰሱ ይቀንሳል። የዕይታ መነጽር ከማስክ ሥር አይገባም፤ ዘንጎቹ ጠርዙን ከፍ አድርገው ይይዙታል። ዕይታው በጣም የደከመ ሰው ቁጥር ያለው መስታወት የተገጠመለት ማስክ ይፈልግ።

ጉም ሌላው ጣጣ ነው። አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ቅባት አለው፤ ይህ ካልተነሳ ምራቅም ሻምፑም አይረዳውም። ነጭ የጥርስ ሳሙና በውስጥ በኩል ቀብተው ለአንድ ሁለት ደቂቃ በጣት ይሹት፤ ይጠቡት፤ ይድገሙት። ይህ ለመስታወት ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቧጨራል። ከዚያ በኋላ በየመግቢያው ምራቅ ይበቃል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መስታወቱ ደረቅ ሳለ ምራቁን ይቀቡና ያሹ፣ ቀጥሎ በባሕር ውሃ አንዴ ብቻ ለቅለቅ ያድርጉት። ቀድመው ካረጠቡት ምራቁ አይይዝም። ምራቅ የሚጸየፍ ሰው አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ይጠቀም። እስኪገቡ ድረስ ማስኩን ግንባርዎ ላይ አይስቀሉት፤ የላብ ሙቀት መልሶ ያጉመዋል። አንገትዎ ላይ ይውረድ።

ቱቦ፣ መቅዘፊያ፣ ልብስ

ቱቦው ቀላል ይሁን፤ ርዝመቱም ከ40 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ረጅም ቱቦ አየር አብዝቶ የሚሰጥ ይመስላል፤ እውነታው ግን የተነፈሱት አየር ሳይወጣ ውስጡ ቀርቶ ያንኑ መልሰው ይስቡታል፤ ራስ ምታትና ድካም ያስከትላል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን ማስክ ለጀማሪ አንመክርም። ውሃ ሲገባ እንደ ተራ ቱቦ ከአፍ ተፍቶ መገላገል አይቻልም፤ ጥራት በሌላቸው ላይ ደግሞ የተቃጠለ አየር ውስጡ ይከማቻል።

ስናፒሪም የሚባለው የእግር መቅዘፊያ ጉልበት ይቆጥባል፤ ሆኖም ያልለመደ ሰው ጫፉ የት እንደሚደርስ ስለማያውቅ ኮራሉን በእሱ ይመታዋል። ይዘው ከሄዱ መግቢያው ላይ ሠራተኞቹን ይጠይቁ። ልኩ ተረከዝ የማያስወጣ፣ ጣት የማያጨናንቅ ነው።

የካቲትና መጋቢት ላይ ውሃው 21 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ነሐሴ ላይ 27 እና 28 ይደርሳል። 21 ዲግሪ አየር ላይ ምንም አይደለም፤ ውሃ ግን ሙቀትን ከአየር እጅግ ፈጥኖ ስለሚነጥቅ ሳይዋኙ ለተንሳፈፈ ሰው ግማሽ ሰዓት ይበዛበታል። በዚያ ወቅት 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዋና ልብስ ይልበሱ፤ ለመንሳፈፍም ያግዛል። በሙቀቱ ወራት እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ካናቴራ ይበቃል። የፀሐይ ክሬም ካስፈለገ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሌለበትን፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለውን ይምረጡ፤ ሁለቱ ኬሚካሎች ኮራልን እንደሚጎዱ ታውቋል። «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚል ሰው ለአንድ ሰዓት በሆዱ ተንሳፎ ሲወጣ ማጅራቱና የጉልበቱ መታጠፊያ ይነግሩታል።

ከኮራሉ በፊት፦ አሸዋ ላይ ልምምድ

ይህን አንድ ከሰዓት በኋላ ይስጡት። ገንዳም ይሆናል፤ ሥሩ አሸዋ የሆነ ዳርቻም ይሆናል።

1. ወገብ በሚደርስ ውሃ ቆመው ፊትዎን ብቻ ይንከሩ። በቱቦው 50 ጊዜ ይተንፍሱ፤ መሳቡ ቀስ ያለ፣ ማውጣቱ ከመሳቡ የረዘመ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ይጨንቃሉ፤ ከዚያ ደረት ይለምደዋል። ጎማውን ጥርስዎ ይያዘው እንጂ አይንከሰው፤ አለበለዚያ መንጋጋ ያማል።

2. ቱቦውን ሆን ብለው በውሃ ይሙሉት። ከዚያ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ሳይሆን ፍሬ እንደሚተፋ ሰው፣ አንዴ በኃይል «ጱ!» ብለው ይንፉት። ቀጣዩን አየር በቀጭኑ ይሳቡ፤ ምላስዎን ወደ ላንቃ ከፍ ካደረጉት የቀረችው ጠብታ ወደ ጉሮሮ አትገባም። ሁለተኛ ይንፉ። ይህ አሥር ጊዜ ሳያስደነግጥ እስኪሆን ይደጋገም።

3. ማስኩ ውስጥ ጥቂት ውሃ ያስገቡ። ራስዎን ከውሃው ቀና አድርገው የታችኛውን ጠርዝ በጣት ሳብ ሲያደርጉት ይፈስሳል። ሙሉውን ማውለቅ አያስፈልግም።

4. እጅዎን ወደ ጎን አድርገው ሳይንቀሳቀሱ 3 ደቂቃ በሆድዎ ይንሳፈፉ። እግርዎ የሚሰምጥ ከሆነ አገጭዎን ወደ ደረት ጠጋ ያድርጉ፤ ወደ ፊት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ወገቡ ይሰምጣል።

5. ዋናው ይህ ነው። ከተንሳፈፉበት ሳይረግጡ ይነሱ። ጉልበትዎን ወደ ደረት ይሰብስቡ፣ በመዳፍዎ ውሃውን ወደ ታች ይጫኑ፣ ራስዎ ቀና ይላል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተጋድመው በጀርባዎ ይንሳፈፉ። ማስክ ለማስተካከል፣ ለመሳል፣ ለማረፍ፣ ጓደኛ ለማነጋገር ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ነው። እግርዎ ሳያስቡት መሬት መፈለግ ሲያቆም ዝግጁ ነዎት።

ከሚገቡት ጓደኛ ጋር ምልክት ይስማሙ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተገጥመው ክብ ሲሠሩ «ደህና ነኝ» ነው፤ ክንድ ከራስ በላይ መወዛወዝ «ድረሱልኝ» ነው።

ሰዓትና ነፋስ

የኤላት ዳርቻ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዮርዳኖስ ተራሮች ነው። የጠዋት ፀሐይ የኮራሉን ግድግዳ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ኤላት ተራሮች ስለምታዘነብል ግድግዳው ጥላ ይሆናል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። በሩ እንደተከፈተ ይግቡ። ሰውም ያን ጊዜ አይበዛም።

እዚህ የተለመደው ነፋስ ከሰሜን፣ ከበረሃው ወደ ባሕሩ የሚነፍሰው ነው። ዳር ላይ ማዕበል ስለማያስነሳ ውሃው የተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ተንሳፋፊን ቀስ በቀስ ወደ ደቡብና ወደ ጥልቁ ይገፋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጉልበት ሳለ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይዋኙ፤ ሲደክሙ ነፋሱ ይመልስዎታል። ጭንቅላት ካቀረቀሩ የሄዱበት ርቀት ስለማይታወቅ በየ3 ደቂቃው ቀና ብለው የገቡበትን ድልድይ ይመልከቱ። የደቡብ ነፋስ ከተነሳ አይግቡ። እሱ ማዕበሉን ቀጥታ ወደ ኮራሉ ያመጣል፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 የመጣው የደቡብ ማዕበል ኮራሉን ሰባብሮ ዳር ላይ በትኖት ሄዷል።

መግባት

ከዳር የሚጀምረው ጥልቀት የሌለው ኮራል በምንም መንገድ አይረገጥም። ለዚያ ሲባል ሁለት ድልድዮች ከላዩ ተሠርተው እስከ ጥልቁ ውሃ ይወስዳሉ። ድልድዩ ጫፍ ሳይደርሱ ማስኩን ያድርጉ፤ ቱቦውን አፍዎ ውስጥ ያስገቡ። ደረጃውን ይዘው ፊትዎን ወደ ድልድዩ አድርገው ይውረዱ። አይዝለሉ፤ ከታች ሰው ወይም ኮራል ይኖራል። ገብተው ወዲያው አይዋኙ፤ ደረጃው አጠገብ ተንሳፈው 20 ጊዜ ይተንፍሱ። ቀዝቃዛ ውሃ ትንፋሽን ያቆራርጣል፤ ይህች አንዲት ደቂቃ ብዙ ድንጋጤ ታስቀራለች። ከዚያ ኮራሉን በጎንዎ እያዩ፣ ግድግዳው ወደ ጥልቁ በሚወርድበት ጠርዝ፣ በተንሳፋፊዎቹ ምልክቶች ውስጥ ይሂዱ። በእርስዎና በኮራሉ መካከል ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይኑር። በጣም ከጠበበ እጅ እግር ሰብስበው በመጡበት ይመለሱ።

ኮራል ዛፍ ወይም ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ ከአጥንቱ በላይ ያለው ሥጋ እጅግ ስስ ስለሆነ በጣት ሲነካ ይቆስላል። ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ አልጌ የሚባሉ ጥቃቅን ተክል መሳዮች ቀለሙንም አብዛኛውን ምግቡንም ይሰጡታል። ባሕር ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹ ይባረሩና ኮራሉ ይነጣል። የዚህ ባሕረ ሰላጤ ኮራል ከብዙዎቹ ይልቅ ሙቀት ይችላል። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ደስ ይላል፦ ከበረዶ ዘመን በኋላ እስከዚህ የደረሰው ኮራል በባብ ኤል መንደብ ገብቶ ሞቃታማውን ደቡባዊ ቀይ ባሕር ያቋረጠው ብቻ ነው፤ ሙቀት የማይችለው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ምን ያያሉ፣ እንዴትስ ያያሉ

ጀማሪ ዓሣ ያሳድዳል፤ ዓሣውም ይሸሻል። አንድ ቦታ መርጠው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይንሳፈፉ፤ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ማስክ ውስጥ ነገር ሁሉ አንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ ይታያል፤ ስለዚህ ቤት ሲመለሱ የዓሣውን መጠን ሲያወሩ ትንሽ ይቀንሱ።

ቆሎ የመቆርጠም ድምፅ ከሰሙ በቀቀን ዓሣ አጠገብዎ ነው። እንደ በቀቀን ምንቃር በተገጣጠመ ጥርሱ ኮራሉን ይፍቃል፤ አልጌውን ይበላና የተፈጨውን ነጭ አሸዋ አድርጎ ከኋላው ይለቀዋል። ብርቱካናማ ደመና መስለው ግድግዳው ላይ የሚርመሰመሱት አንቲያስ ናቸው። ብርቱካናማዎቹ ሴቶች ሲሆኑ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ወንዱ ነው፤ እሱ ሲሞት ከሴቶቹ አንዷ ወደ ወንድ ትለወጣለች። ሾሻኖን የሚባለው፣ ሁለት ነጭ መቀነት ያለው ዓሣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ትልቋ ሴት ስትሞት ወንዱ ሴት ይሆናል። የሚኖረው አኒሞን በሚባለው የባሕር እንስሳ የሚናደፉ ጣቶች መካከል ነው። ቀርበው ከቆዩ ወደ መስታወትዎ ወጥቶ ይጋፈጥዎታል፤ ያን ጊዜ ጎጆው ደጃፍ ላይ ነዎትና ፈቀቅ ይበሉ።

ትልልቅ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ቆመው ትንሽ ሰማያዊ ዓሣ ሲገባና ሲወጣ ካዩ የጽዳት ጣቢያ ነው፤ ከሁለት ሜትር ይመልከቱ፤ ከቀረቡ ወረፋው ይበተናል። ከጉድጓድ ራሱን አውጥቶ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ እባብ መሳይ ሞሬይ እየዛተ ሳይሆን እየተነፈሰ ነው። የባሕር ኤሊ ካገኙ ከጎኗ 3 ሜትር ርቀው ይሂዱ፤ ከላይዋ አይሁኑ፤ ለመተንፈስ የምትወጣበትን መንገድ ይዘጋሉና። ዳቦ አይወርውሩ። የጠገበ ዓሣ አልጌውን መብላት ይተዋል፤ አልጌው ደግሞ ኮራሉን ያፍናል። ዛጎልም ሆነ የሞተ ኮራል ስባሪ ይዞ መውጣት በሕግ የተከለከለ ነው።

የሚወጉና የሚናከሱ

አንዳቸውም ሰው አያሳድዱም፤ ከአንድ በቀር። እሱም ትልቁ ትሪገር ዓሣ ነው። እንቁላሉን አሸዋ ላይ ጥሎ ሲጠብቅ ከጎጆው ጀምሮ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄደውን ውሃ ሁሉ እንደ ግቢው ይቆጥረዋል። ወደ ላይ መሸሽ እዚያው ግቢው ውስጥ መቆየት ነው፤ ወደ ጎን ይሽሹ፣ እግርዎን ወደ እሱ ያድርጉ።

ሌሎቹ የሚጎዱት የነካቸውን ነው። ጥቁር ረጃጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት በየስንጥቁ አለ፤ እሾሁ ቆዳ ውስጥ ይሰበራል። ጫፉ የሚታየውን በወረንጦ ያውጡ፤ የጠለቀውን አይቆፍሩ፤ መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ ሐኪም ይየው። እሳት ኮራል ቢጫማ ቡናማ ነው፤ ጫፎቹ ነጭ ናቸው። ከነካዎ በባሕር ውሃ ያለቅልቁት፣ ኮምጣጤ ያድርጉበት፣ አያሹት። ዛህሮን፣ ማለትም እንደ ጎፈር የተዘረጋ ክንፍ ያለው አንበሳ ዓሣ፣ እና ድንጋይ መስሎ የሚተኛው አቭኖን በጀርባ እሾሃቸው ይወጋሉ። የሁለተኛው ለሕይወትም ያሰጋል። ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ጠፍጣፋው ሬይ እሾሁ ጅራቱ ላይ ነው። ለሦስቱም፦ ከውሃ ይውጡ፣ ወደ አምቡላንስ 101 ይደውሉ፣ የተወጋውን ቦታ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ያቆዩ። የውሃውን ሙቀት ባልተወጋው እጅ ይለኩ፤ የታመመው አካል ማቃጠሉን አይለይም። በኮራል የተቆረጠ ቁስል ትንሽ ቢመስልም በንጹህ ውሃና ሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ ስብርባሪ ከቀረበት ያመረቅዛል።

ሲደክሙ፣ ሲጠልቁ፣ ሲወጡ

ባት ከተሸማቀቀ በጀርባ ይጋደሙ፣ የእግር ጣቶችን ይያዙና ወደ ራስዎ ይሳቡ። ማንቀጥቀጥ ከጀመረዎ «ትንሽ ልቆይ» አይበሉ፤ የመመለሻው መንገድ ገና አለ።

ሁለት ሦስት ሜትር ጠልቀው ማየት ከፈለጉ ጆሮዎ ሳያምዎት በፊት አፍንጫዎን ይዘው ቀስ ብለው ይንፉ፤ ካልተከፈተ አይግፉ፣ ይመለሱ። ከመጥለቅዎ በፊት ግን በፍጥነት ደጋግመው አይተንፍሱ። ይህ ኦክስጅን አይጨምርም። «ተንፍስ» የሚለውን የሰውነት ማስጠንቀቂያ ግን ያጠፋዋል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ ይጠብቀው።

ከ45 ደቂቃ በኋላ ባይደክሙም ይውጡ፤ ውሃ ይጠጡ። የተጎዳ ኤሊ ወይም ኮራል የሚሰብር ሰው ካዩ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ስልክ ኮከብ 3639 ነው። ማስኩን በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት፣ ጥላ ላይ ያድርቁት። ሻንጣ ሥር ተጨፍልቆ አይደር፤ የተጣመመ ሲሊኮን ለሚቀጥለው ጊዜ ያፈስሳል።